ደረጃው ላይ የተነገረኝ

ሐረር
የካቲት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለባርኮት
ባለህበት ሀርጌሳ

እንደምን ከርመሃል ልጄ? ስምንት ወር ድምፅህን ሳልሰማ ቆይቼ «እንደምን አደርክ» ብልህ የግድግዳ ጎረቤቴ የሆንክ ሊመስል ነው፤ ስለዚህ «ከርመሃል» ብያለሁ። እኛ ከሞላ ጎደል ደህና ነን። እህትህ ሩት ከሥራ ስትመለስ ገና ከበሩ «ዛሬስ በላህ?» ትለኛለች፤ አልበላሁም ስላት የእናትህን ፊት ታሳየኛለች። ዘንድሮ ሁለቱ ጾም በአንድ ሳምንት ስለገባ ከተማው ፀጥ ብሏል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሆዱን ይዞ ነው የሚውለው፤ የተቆጣ ሰው እንኳ ድምፁን የሚያወጣበት ጉልበት የለውም።

ፊደሌ ተልቆ መስመሩ ቢጣመምብህ አትፍረድብኝ። አልጋዬን ሩት ከላይኛው ክፍል ወደ ሳሎን አውርዳዋለች፤ ደረጃ መውጣት ሰልችቶኝ ነው። ሁለት ጊዜም ሆስፒታል ወስዳኛለች። ሐኪሙ ያለውን የሰማችው እሷ ናት፤ እሷም አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። በዚህ አትጨነቅ።

ስልኬን እንደማታነሳ ስለማውቅ በወረቀት መጣሁብህ። የእናትህ ወዳጅ ዋፊቃ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ፣ ነገ ከሰዓት በጅግጅጋ በኩል ወደ እናንተ ትነሣለች፤ በእጅህ እንድትሰጥህ አደራ ብያታለሁ። ሳታነበው ከቀደድከው ደግሞ እንዳትነግረኝ ብያታለሁ።

ወሬውን ሩት በስልክ ነግራሃለች፤ እኔም ልድገመው። ባለፈው ዓርብ በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ስብሰባ ተጠርተን ነበር። በሸዋ በር፣ ከሚኒባሱ መቆሚያ ወረድ ብሎ፣ አራት ባጃጅ በአንዴ ቻርጅ የሚያደርግ ጣቢያ እንዲሠራ ተወስኗል። በጀቱም ጸድቋል። ቦታው እኔና አንተ ካርታው ላይ በቀይ እስክሪብቶ የከበብነው ቦታ ነው። ካርታዬን እግዜር ይስጥልኝ ሳይሉ ገልብጠው በግድግዳ ላይ በመብራት አሳዩት፤ የእጅ ጽሑፌን ሳየው ደነገጥኩ። ለኤሌክትሪክ ባጃጅ የሚሆን ብድርም ተመድቧል። ለሁሉም አይደርስም፤ ቅድሚያ የሚያገኙ አሥራ አንድ ሰዎች ግን ስማቸው ተጽፏል። ያንተ ስም ሦስተኛው ነው። አዲስ ባትሪ ይገባላታል፣ ያቺ የቆመችው የኤሌክትሪክ ባጃጅህ ከግቢያችን ተነሥታ ትሄዳለች፣ አንተም ትመጣለህ።

ሩት ይህን ስትነግርህ «እስቲ አያለሁ» አልክ አሉ። ከዚያ ቆየት ብለህ «አባዬ እንዴት ነው?» ብለህ ጠየቅክ። በስምንት ወር ውስጥ ስለ እኔ ስትጠይቅ የመጀመሪያህ ነው። ሩት ስትነግረኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ደስታ መሰላት፤ እኔም አላረምኳትም።

ይህን ደብዳቤ ስታነብ ግን ስምህ ከዝርዝሩ ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። የማስወጣው እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ እስክነግርህ ድረስ ወረቀቱን አትጣለው።

ነገሩን ከሥሩ ላንሣው፤ አንተ የምታውቀው ግማሹን ስለሆነ ነው።

ያን ጊዜ፣ ገና እዚህ ሳለህ፣ ለቤንዚን ተሰልፈህ ትውል፣ ተሰልፈህ ታድር ነበር። ሁለት ቀን ተሰልፎ አንድ ቀን መሥራት። እናትህ ከማለፏ በፊት የአንገት ሀብሏንና አምባሯን ሸጣ የገዛችልህ ሰማያዊዋ ባጃጅ፣ ከኋላዋ «የእናቴ ምርቃት» ብለህ ያጻፍክባት፣ ከምትሠራበት የምትቆምበት ሰዓት በለጠ። የማኅበራችሁ ሊቀመንበር ዓሊዪ አንድ ቀን እቤት ድረስ መጥቶ «መምህር፣ አቤቱታ ጻፉልን። እኛ መሪ እንጂ እስክሪብቶ መያዝ አናውቅም» አለኝ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ «ይህን ሥራልን» ብሎ ደጃፌን ያንኳኳ ሰው እሱ ብቻ ነው። እሺ ከማለቴ በፊት መነጽሬን ፈልጌ ነበር።

እንዴት ያለ አቤቱታ ጻፍን! ዛሬም አላፍርበትም። «ነዳጅ የሚጠጣ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ተወስኗል፤ መልካም ነው። ባለ ሀብቱ በግቢው ቆጣሪ አለው፣ ይሰካል። በኪራይ ቤት የሚኖር የባጃጅ ሹፌር የት ይሰካ?» ብለን ጀመርን። ከኤረር በር እስከ ፈረስ መጋላ ያለውን ዳገት እኔ በእግሬ ለካሁት፤ አንተ ደግሞ ሶፊ ደርሶ መመለስ ባትሪውን ስንት እንደሚበላው ከአዲስ አበባ ሹፌሮች በስልክ እየጠየቅክ ጻፍክልኝ። ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘርግተን፣ አንተ ራስህን ከራሴ አስጠግተህ፣ «አባዬ፣ እዚህ ጋ ቢሆን ከሦስቱም መስመር ይቀርባል» ስትለኝ ትዝ ይለኛል። እናትህ ከሞተች ወዲህ እኔና አንተ አብረን የሠራነው ሥራ ያ ብቻ ነው። ለካ ደስ ብሎኝ ነበር።

ወረቀቱን ይዘን ጽሕፈት ቤቱ ስድስት ጊዜ ተመላለስን። አንዴ ፋይሉ ላይ ነው፣ አንዴ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ አንዴ ከበላይ እየተጠበቀ ነው። ሹፌሮቹ ተስፋ ቆረጡ። ያኔ ነው እኔ «ሽማግሌ እንላክ» ያልኩት። ለጋብቻና ለዕርቅ ሲላክ የኖረ ሽማግሌ ለቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ የተላከው በእኛ ጊዜ ነው። ዓሊዪ ሳቀ፤ እኔ ግን አልቀለድኩም። ኃላፊው ሽመልስ ነበራ። ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኩት ሽመልስ፣ የዚያ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የመቶ አለቃ ልጅ። በእኛ አገር ሽማግሌ ባዶ እጁን አይመለስም፤ መምህርማ ጭራሽ።

ሄድን። እኔ፣ የዓሊዪ አጎትና መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ። ሽመልስ ገና ሲያየን ከወንበሩ ተነሣ። ትከሻዬን ሳመ፣ እኛን አስቀምጦ ራሱ ቆመ፤ ተቀመጥ ብንለው እምቢ አለ። የመጣንበትን ነገርኩት። «እሺ መምህር» አለ፤ «እርስዎ መጥተው እምቢ ይባላል?» መሪጌታ መረቁት። የዓሊዪ አጎት ዱዓ አደረጉለት። ተነሥተን ወጣን።

ከታች እናንተ ባጃጆቻችሁን ደርድራችሁ ትጠብቁ ነበር። «ምን አለ መምህር?» አላችሁኝ። «እሺ ብሏል!» አልኩ። ጥሩምባውን ለቀቃችሁት፤ ከዚያ እስከ ፈረስ መጋላ ሰርገኛ አስመስላችሁ ወሰዳችሁኝ። እኔ የተቀመጥኩት ካንተ ኋላ ነበር፤ በመስታወቱ ስታየኝ፣ ስትስቅ አየሁህ።

ሳምንት ሳይሞላ ሰዉ የቤንዚን ባጃጁን እየሸጠ የኤሌክትሪክ መግዛት ጀመረ። ጣቢያው ሲከፈት ቀድሞ የተገኘ ይቀድማል ተባለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግቢው ውስጥ ባጃጇን እየወለወልክ ጠየቅከኝ፤ «አባዬ፣ ልሽጣት? የእማዬ ስለሆነች ነው የምጠይቅህ» አልከኝ። «ሽጣት» አልኩህ። «የመንግሥት ሰው እሺ ካለ ምን ትፈራለህ?» አልኩህ። ቃሌን አንድም አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አንተ ኖረህበታል። ጣቢያው አልመጣም። አሥራ አንዳችሁ በየቤታችሁ ሽቦ እየጎተታችሁ ሰካችሁ፤ አከራዮቻችሁ አባረሯችሁ፣ መብራት ጠፋባችሁ፣ ሲመጣም ኃይሉ በዝቶ መጣባችሁ። ያንተ ቻርጀር በግቢያችን ተቃጠለ፣ ቀጥሎ ባትሪው ሞተ። የሚጠግነው ሰው ጠፋ። ሦስት ወር ሙሉ ቆማ ስታያት ከቆየህ በኋላ አንድ ጠዋት ለእኔ ሳይሆን ለሩት ቻው ብለህ ሄድክ። የኤሌክትሪኳ ባጃጅ አሁንም በሸራ ተሸፍና እዚያው ናት። የጎረቤት ዶሮ የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል ትጥላለች፤ ሩት ለባለቤቷ ትመልሳለች።

እስከዚህ የምታውቀው ነው። የማታውቀው ደረጃው ላይ የሆነውን ነው።

ከሽመልስ ቢሮ ስንወጣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀድመው ወረዱ። እኔ ጉልበቴን ይዤ በዝግታ ስወርድ ሽመልስ ከኋላዬ ደረሰና ክንዴን ያዘኝ። ሌላ ሰው አልነበረም። «መምህር» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «እሺ ያልኩት ለሽማግሌ ክብር ነው። እኔ በበኩሌ እገፋበታለሁ፤ በጀቱ ግን ገና አልጸደቀም፣ ላይጸድቅም ይችላል። ወረቀት በእጃቸው ሳይገባ ማንም የያዘውን እንዳይሸጥ ይንገሩልኝ። አደራ።» እኔም «ገባኝ ልጄ» አልኩት። ገብቶኝም ነበር።

ወረድኩ። እናንተን አየሁ። «ምን አለ?» አላችሁኝ፤ እሺ ብሏል አልኩ። የቀረውን አልተናገርኩም።

ለምን ብለህ ትጠይቀኛለህ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በማግሥቱ ሸዋ በር ስወርድ «መምህር! መምህር!» ብሎ የማይጠራኝ የለም፤ ሂሳብ የሚቀበለኝ ጠፋ፤ አቦ ይግቡ ብቻ ነው። ከነገ ወዲያ አልኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው በመንገድ ሲያልፈኝ፣ ያስተማርኩት ልጅ እንኳ ስሜን ሲረሳው ኖሬ ነበር። ያችን አንድ ሳምንት ከእጄ ላወጣት አልቻልኩም። ኋላ መሸጥ ተጀመረ። መሸጥ ከተጀመረ በኋላ መናገር አሳፈረኝ። አንተ «ልሽጣት?» ስትለኝ እንኳ ደረጃው ትዝ ብሎኝ ነበር። በዓይኔ ፊት ነበር የመጣብኝ። «ሽጣት» ያልኩህ እያወቅኩ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ዘንድ ግን እያደረ ከበደ።

አሁን ዓርብ ወደሆነው ልመለስ። አዳራሹ ሞልቷል። የሚመሩት አዲስ ሰዎች ናቸው። ሽመልስ ከኃላፊነቱ ከተነሣ ቆይቷል፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከሠራተኛው ጋር ተቀምጧል። ስለ ብድሩ ሲነገር ሰብሳቢው «ቅድሚያ የምንሰጠው በጽሕፈት ቤታችን ቃል ተማምነው ንብረታቸውን ለሸጡት ነው፤ ቃል መሰጠቱ ግን መረጋገጥ አለበት» አለ። ዓሊዪ ተነሥቶ «መምህር እንደሻው ምስክር ናቸው፤ ሽማግሌ ሆነው የገቡት እሳቸው ናቸው» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ኃላፊው ፈቅዶላችሁ ነበር?» አለኝ ሰብሳቢው።

«እሺ ብሎናል» አልኩ።

«ሌላ ያለው ነገር አለ? በጀት እስኪጸድቅ ጠብቁ የሚል፣ እንዲህ ያለ?»

ልጄ፣ ያን ጊዜ አንተን አሰብኩ። ባትሪውን አሰብኩ። «ልጄ ይመጣል» አልኩ በሆዴ። ደግሞም ዋሽቼ አልዋሽህም፣ ራሴንም አስቤያለሁ። «ሌላ የሰማነው የለም» አልኩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎኔ ነበሩ፤ እነሱ በእርግጥ አልሰሙም። «ሰማነው» ብዬ እኔን ከእነሱ መሐል ደበቅኩ።

ሰብሳቢው ወደ ሽመልስ ዞረ። «አንተስ ምን ትላለህ? ያለ በጀት ቃል ሰጥተሃል?»

ሽመልስ ተነሣ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። ወደ እኔ አየ፤ ረጅም ጊዜ ነው ያየኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ስምንተኛ ክፍል ሳስተምረው አንድ ቀን የኤረር ወንዝ ወደ አዋሽ ይገባል ብዬ በሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ሽመልስ እጁን አወጣና «መምህር፣ የእኛ ኤረር ወደ ዋቢ ሸበሌ ነው የሚገባው» አለ። ልክ ነበር። እኔ በድሬዳዋ በኩል ካለው ኤረር ጋር አምታትቼው ነው። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሽመልስን በፀሐይ አንበርክኬ አዋልኩት። «መምህርህን በሰው ፊት አታርም» አልኩት። ሰሌዳውን በማግሥቱ ሰው ሳያየኝ አስተካከልኩ፤ ልጁን ይቅርታ አልጠየቅኩም።

ዓርብ ዕለት ያ ልጅ፣ ፀጉሩ ሸብቶ፣ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆሞ «መምህር ያሉት ልክ ነው። እሺ ብያለሁ» አለ። «ቅድመ ሁኔታ አልነገርካቸውም?» ሲባል «መምህር ካሉት የምጨምረው የለኝም» ብሎ ተቀመጠ። ትምህርቴን ይዞልኛል።

ሹፌሮቹ አጨበጨቡ። ተሸክመው ሊያወጡኝ ምንም አልቀራቸው። ሽመልስን ጉዳዩ በዲሲፕሊን ይታያል አሉት። ሰኞ ከሥራና ከደመወዝ የታገደበት ደብዳቤ ደረሰው። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት፤ ትንሿ ገና አንደኛ ክፍል ናት።

በመሐሉ እሑድ መድኃኔዓለም ደጅ አገኘሁት። ፊቴን ላዞር ስል ቀድሞኝ መጥቶ እንደ ወትሮው ትከሻዬን ሳመ። «መምህር፣ ጾሙ አልከበደዎትም? ፊትዎ ቀንሷል» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ቅዳሴውን ከውጭ ቆሜ ጨረስኩ።

ትናንት ዓሊዪ ቤት ሄድኩ። እሱም ጾመኛ እኔም ጾመኛ፤ የምንገባበዘው ነገር ስለሌለ ቶሎ ወደ ነገሩ ገባሁ። የደረጃውን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። የሽመልስን ጉዳይ ለሚያየው አካል የምሰጠውን ወረቀትም አሳየሁት። «ኃላፊው እንዳትሸጡ ብሎ ለእኔ በግልጽ ነግሮኛል፤ ለሹፌሮቹ ያልነገርኩ እኔ ነኝ፤ ዓርብ የሰጠሁትም ምስክርነት ጎደሎ ነው» ይላል። ዓሊዪ ሁለት ጊዜ አነበበው። አጥፎ መለሰልኝ።

«ወላሂ መምህር» አለ በመጨረሻ፤ «ይሄንን በሆድዎ ይዘው መቃብር ቢገቡ ምን ነበር?»

«እሱም ሩቅ ስላልሆነ ነው የቸኮልኩት» አልኩት። ቀልዴን ነው።

አልሳቀም። «አሥራ አንድ ቤት ነው» አለ። «ይሄ ወረቀት ከገባ የቢሮው ቃል የሚባል ነገር የለም። ቅድሚያ የለም። ከሦስት መቶ ሰው ኋላ ነው የምንሰለፈው። እኔ ራሴ አምስት ልጅ አለኝ። ባርኮትም አለ፣ የእርስዎ ልጅ!»

«አውቃለሁ» አልኩት።

«እና ይተዉት! ሽመልስን እኛ እንረዳዋለን፣ እናዋጣለታለን፣ አቦ መፍትሔ አይጠፋም።»

«ስሙንስ ታዋጡለታላችሁ?» አልኩት።

ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ያ ረቢ» አለ፤ ደጋግሞ። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ከፈተልኝ። «ይስጡት። እኔ ግን ለሹፌሮቹ አልነግራቸውም። እርስዎ ሸዋ በር ወርደው፣ ያኔ እሺ ብሏል ባሉበት አፍዎ፣ ቆመው ይንገሯቸው።» ልክ ነው። ስወጣ ግን እጄን አልጨበጠኝም። ያ ሰው እኔን ሳይጨብጥ ሸኝቶኝ አያውቅም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት መጀመሪያ ሸዋ በር ሰልፉ ላይ ቆሜ እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ ወረቀቱን አስገባለሁ። ጣቢያው ይሠራል፤ እሱን የሚያስቀረው የለም። ብድሩ ግን ለእናንተ ቶሎ አይደርስም። ሊሰድቡኝ ይችላሉ፤ መብታቸው ነው። ለሩት ገና አልነገርኳትም። ያንተን አልጋ አንጥፋ፣ አንሶላውን አጥባ እየጠበቀችህ ስለሆነ እንዴት እንደምጀምር አላወቅኩም።

ቅዳሜ የሆነውን ሆን ብዬ ለመጨረሻ አቆየሁት። እስከ ቅዳሜ ድረስ ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ቆርጬ ነበር።

«የእናቴ ምርቃት» አሁንም ከሸዋ በር ትሠራለች። ጽሑፉን አላነሡትም። ከሄድክ ወዲህ ከሩቅ ሳያት መንገድ እቀይር ነበር፤ ስምንት ወር ሙሉ ጉልበቴ እያመመኝ በእግሬ የሄድኩት ለዚህ ነው። ቅዳሜ ግን ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳለ ከፊቴ መጥታ ቆመች። ሹፌሩ ደምሴ የሚባል ከውትድርና የተሰናበተ ጎልማሳ ነው። «መምህር እንደሻው አይደሉም? ይግቡ» አለኝ። እምቢ የምልበት አቅም አልነበረኝም፤ ገባሁ። እናትህ በእጇ የሰፋችው የወንበር ልብስ አሁንም አለ። ጠርዙ ብቻ ተተልትሏል።

ቤት ስደርስ ሂሳብ ዘረጋሁለት። አልቀበልም አለ። እኔም የዓርቡን ወሬ ሰምቶ መሰለኝ። «የለም» አለ፤ «ልጅዎ ሲሸጥልኝ ቃል አስገብቶኛል። ‹አባቴ ጉልበቱን ያመዋል፤ በመንገድ ካየኸው ጫነው፣ ሂሳብ አትቀበለው› ብሎኛል። ለዚህ ብሎ ከዋጋውም ቀንሶልኛል። እርስዎ ግን ባዩኝ ቁጥር ይጠፉብኛል።»

ደጃፌ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሩት መጥታ እስክትወስደኝ ድረስ እዚያው ነበርኩ። የእናትህን ባጃጅ በእኔ ቃል ስትሸጥ፣ ስለ እኔ ጉልበት ተዋዋልክ፤ እኔ ግን ለአንተ ደረጃው ላይ የሰማሁትን አንድ ዐረፍተ ነገር መንገር አቃተኝ። አዝናለሁ ልጄ። በጣም አዝናለሁ። ለተማሪ ይቅርታ መጠየቅ አልለመድኩም፣ ለልጅም አልለመድኩም፤ ይኸው በስተርጅና ተማርኩ።

ና አልልህም። ልጠራህ የምችልበት ነገር ያ ዝርዝር ብቻ ነበር፤ እሱንም ነገ በእጄ አስፍቀዋለሁ። የወረቀቱን ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዤልሃለሁ፤ ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው። ዋፊቃ ከኢድ በፊት ትመለሳለች። መልስ ካለህ በእሷ በኩል ይድረሰኝ፤ ከሌለህም ምግብ በሰዓቱ ብላ፣ በዚያ ሙቀት ብዙ ውኃ ጠጣ፣ በሰው አገር ከሰው አትጣላ።

የወጣህበት ይቅናህ። የሰው ፊት አያሳጣህ። መድኃኔዓለም በመንገድህ ሁሉ ይቅደምልህ። የኔ ምርቃት የሚይዝ እንደሆነ አላውቅም፤ የእናትህ ግን ይያዝልህ።

አባትህ
እንደሻው

ይድረስ ብዬ ካሸግኩት በኋላ ከፍቼ የጨመርኩት፦ ነገ ጠዋት ወደ ሸዋ በር የምወርደው በ«የእናቴ ምርቃት» ነው። ደምሴን በአንድ ሰዓት ና ብዬዋለሁ። እምቢ ቢለኝም ሂሳቡን እከፍለዋለሁ።